ግራኝ ያልተከለው ድንጋይ፣ ፖርቱጋል ያልሠራችው ድልድይ

ከአዲስ አበባ በአንዱ በር የሚወጣ መንገደኛ የት የት እንደሚቆም አስቀድሞ ያውቃል። በደሴ መስመር የሄደ ለሸኖ ቅቤ ይቆማል፣ ደብረ ሲና ሲደርስ ደግሞ ቆሎ ይገዛል። በሐዋሳ መስመር የሄደ ዝዋይ ላይ ዓሣ ሳይበላ ማለፍ ነውር ይመስለዋል። በቡታጅራ በኩል የወጣው ገና ዓለም ገናን ሳያልፍ ክትፎውን ማሰብ ይጀምራል። ሆዳችን የሚያውቀውን መንገድ ዓይናችን አያውቀውም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በእነዚሁ መንገዶች ግራና ቀኝ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት እርምጃ ብቻ ወይም ግፋ ቢል የጥቂት ኪሎ ሜትር ፒስታ መንገድ ርቀው፣ ባዕድ ቱሪስት ከባሕር ማዶ መጥቶ የሚያያቸው እኛ ግን በመስኮት እንኳ ቀና ብለን የማናያቸው አስገራሚ ነገሮች ቆመዋል።

ቆም ብለን የጠየቅን እንደሆነ ደግሞ የምናገኘው መልስ ራሱን የቻለ ትዝብት ነው። በአገራችን መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ ነገር ሁሉ ከአራት ተጠርጣሪዎች ለአንዱ ይሰጣል። የተተከለ ወይም የወደቀ ድንጋይ ከሆነ የግራኝ ነው። ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ከሆነ የፖርቱጋሎች ነው። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ የንጉሥ ላሊበላ ነው፤ መላእክትም ሌሊት ሌሊት አግዘውታል። ዋሻ ወይም ጠመዝማዛ መንገድ ከሆነ የሙሶሊኒ ነው። የሕግ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የስሚ ስሚ ይለዋል። ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዳኛው ምስክሩን “አንተ ራስህ ያየኸውን ንገረን” ይለው ነበር። መንገድ ዳር ግን ዳኛ የለም፤ አስጎብኚው ተናግሮ ጉርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል።

ከደብረ ሊባኖስ ልጀምር። በጎጃም መስመር ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ገዳሙ የሚታጠፈው ሰው፣ ከገደሉ አፋፍ ትንሽ በእግሩ ቢወርድ በጅረት ላይ የተሠራ ባለ ቅስት የድንጋይ ድልድይ ያገኛል። ጅረቱ ከድልድዩ ሥር አልፎ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ይወረወራል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ከሰው ሳይርቁ ይቀመጣሉ። ቦታው ያምራል፤ ስሙ ደግሞ “የፖርቱጋል ድልድይ” ነው። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራና በሰጎን እንቁላል መሆኑን የማይነግራችሁ አስጎብኚ ካገኛችሁ አዲስ ሰው መሆን አለበት።

ፖርቱጋሎች ወደ አገራችን መምጣታቸው እውነት ነው። ክሪስቶፎር ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ በ1533 ዓ.ም. በምፅዋ በኩል ገባ፤ በዓመቱ ተሸንፎ ተገደለ። ከሞት የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋር ሆነው በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ግራኝ የወደቀበትን ጦርነት ተዋግተዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጡት የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ደግሞ አፄ ፋሲል በነገሡ ጊዜ፣ በ1620ዎቹ ዓ.ም.፣ ከአገር ተባረሩ። የደብረ ሊባኖሱ ድልድይ ግን የተሠራው ከዚያ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ያሠሩትም የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የአፄ ምኒልክ አጎት፣ ሰላሌን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ ዳርጌ ናቸው። ራስ ዳርጌ ያረፉት በ1892 ዓ.ም. ነው። ቅድመ አያቶቻችን ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰው ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ስሙ ከየት መጣ? እንደ እኔ ግምት ከወደ ጣና ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ዓባይን የሚሻገረው የአላታ ድልድይ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ የዚያ ዘመን የግንባታ ጥበብ ደግሞ ከሚስዮናውያኑ ጋር ግንኙነት ነበረው። በእርሱ ላይ “ፖርቱጋል” የሚለው ስም ቢወሳ ቢያንስ ዘመኑ አይቃወምም። ከዚያ በኋላ ቅስት ያለው ድልድይ ሁሉ በዚያው ስም ተጠራ። አንድ ጊዜ ስም የወጣለት ነገር ደግሞ በእኛ አገር ስሙን አይቀይርም፤ የአዲስ አበባን ሰፈሮች ያየ ያውቀዋል።

“ታዲያ ምን ችግር አለው? ይባል” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ችግሩ ድንጋዩን የጠረቡት፣ ኖራውን ያቃጠሉት፣ ቅስቱን ያጠፉት የሰላሌና የሸዋ ግንበኞች መሆናቸው ነው። ስማቸው ባይጻፍም ሥራቸው ቆሟል። እኛ ደግሞ ያንን ሥራ አንሥተን ላልሠራው ሰጠነው። አገሬው በአባቱ እጅ የተሠራ ድልድይ መሆኑን ሳያውቅ “ፈረንጅ የሠራው” እያለ ሲያልፍበት ይኖራል። በንብረት ሕግ ቋንቋ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ስም ተዛወረ ይባላል።

በዚያው አካባቢ ደግሞ ስሙም ቀኑም የታወቀ፣ ምስክርም ሰነድም ያለው ሌላ ታሪክ አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ገዳሙ በሴራው ተባባሪ ተደርጎ ተፈረደበት። በዚያው ዓመት ግንቦት 12 የተክለ ሃይማኖት በዓል ሊያከብሩ የተሰበሰቡት መነኮሳትና ምዕመናን ተለይተው ተያዙ፤ በካሚዮን ተጭነው ላጋ ወልዴ ወደሚባለው ሸለቆ ተወሰዱና በመትረየስ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ያመነው ቁጥር፣ በኋላ የተገደሉት 129 ዲያቆናት ሲጨመሩበት፣ 449 ነው። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የዓይን ምስክሮችን አፈላልገው ባደረጉት ጥናት ግን የሟቾቹ ቁጥር 2,000 አካባቢ ይደርሳል። የፖርቱጋል ድልድይን ለማየት የሚቆም መኪና ሞልቷል። ላጋ ወልዴ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በጎጃም መስመር ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ገርበ ጉራቻ አጠገብ ተማሪዎችን የጫነ አውቶቡስ ታግቶ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋም። በዚህ አገር የመንገድ ዳር ጉብኝት ዛሬ ከካርታው በፊት ስልክ ይጠይቃል፤ መድረሻው ላይ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል።

ወደ ደሴ መስመር ልለፍ። ደብረ ብርሃንን አልፎ መንገዱ ወደ ላይ እየወጣ፣ ጭጋጉ እየወፈረ ይሄድና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣርማ በር ይደርሳል። ዋሻው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከወዲህ በደጋ ብርድ ገብቶ ከወዲያ ሲወጡ ቆላው እግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ይኸው ነው። እዚህ ላይ የአገሬው ምስክርነት በከፊል ትክክል ነው፤ ዋሻው ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ነው። “የሙሶሊኒ ዋሻ” መባሉ ግን ፈገግ ያሰኛል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን በእግሩ ረግጧት አያውቅም፤ ዋሻውን በፎቶ ካልሆነ አላየውም። ጣሊያን መንገዱን የቀደደው ጦሩን ለማመላለስ መሆኑም ግልጽ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር የሰሜኑ ጦርነት ግንባር እስከ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ፣ የዚህ በር ወታደራዊ ትርጉም ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶም እንዳልተለወጠ አይተናል።

ከሁሉም በላይ ልቆይበት የምፈልገው ግን የቡታጅራው መንገድ ነው። በግማሽ ቀን፣ ነዳጅ እንኳ ሳያስፈራ፣ የሰው ልጅ ታሪክ ከሞላ ጎደል ከመጀመሪያው እስከ ቅርቡ የሚታይበት እንዲህ ያለ መንገድ በዓለም ላይ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ መንገዱ አዋሽን ይሻገራል። ቦታው መልካ ቁንጡሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ በወንዙ ዳር የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎችን አየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮ ጀመረ፤ ከእርሱ በኋላ ጣሊያኖች ቀጠሉት። ወንዙ በየዘመኑ ያመጣው ደለልና እሳተ ገሞራው ያራገፈው አመድ በየተራ ስለተደራረቡ፣ ገደሉ እንደ መዝገብ ቤት ፋይል ንብርብር ነው። ታችኛው ገጽ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ከዚያ ከታችኛው ገጽ የተገኘ የሕፃን መንጋጋ የሆሞ ኢሬክተስ መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 አሳትመዋል፤ 2,000 ሜትር በሚሆን ብርዳም ደጋ ላይ እንዲህ በጥንት ሰው መኖሩ ዋናው የመወያያ ነጥብ ነበር። ከፍ ባለው ንብርብር ላይ ደግሞ የ700,000 ዓመት የእግር ዱካ አለ። ጉማሬው፣ ወፉ፣ አዋቂው ሰው ረግጠውታል። ከመካከላቸው አንዱ ዱካ የትንሽ ልጅ ነው። ያኔም ልጆች ወላጆቻቸው በሚሠሩበት ቦታ ጭቃ ይረግጡ ነበር ማለት ነው።

በጎጆ ቅርጽ የተሠራው አነስተኛ ሙዚየም አንድ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ግን ከሙዚየሙ ይልቅ ባልጪትን እመርጣለሁ። ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚርቅ መንደር ነው። ስሙ ምሥጢር የለውም፤ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ባልጩት ምን እንደሆነ ያውቃል። መስታወት የመሰለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በማሳው ላይ ተበትኖ ፀሐይ ስትወጣ ያብረቀርቃል። ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎች ይህንኑ ድንጋይ እየሰበሩ በብዛት መሣሪያ ይሠሩ እንደነበር በመልካ ቁንጡሬ የተገኙት መጥረቢያዎች አሳይተዋል። የሚገርመው ጅማሬው ብቻ አይደለም፤ የዚህ ሥራ መጨረሻ በጣም ቅርብ መሆኑም ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኙ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ አሥርት ዓመታት ድረስ ቆዳውን የሚፍቁት በባልጩት ስለት ነበር። “ፋቂ” እያልን ስንንቃቸው የኖርናቸው ባለሙያዎች የሰው ልጅን የመጀመሪያውን ሙያ እስከ መጨረሻው ይዘው የቆዩ ነበሩ።

መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። የዴከርን ዓመት ያስታወሰ ይቆጥር፤ ከተገኘ ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብላ፣ አዳዲ ማርያም አለች። ከአለት ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት በስተ ደቡብ ጫፍ የምትገኝ ናት። ትውፊቱ ንጉሥ ላሊበላ ሠራት ይላል። ትውፊቱን መንካት አልፈልግም፤ ካህናቱም ደስ አይላቸውም። ከመሬት ወለል ሥር ወደ ታች ስትወርዱ በመጀመሪያ የምታዩት ጣሪያዋን ነው። ቁልፍ ያዡ አይርቅም፤ ጠብቁት።

ከዚያ ጢያ። ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከመንገዱ ዳር ካለችው ትንሽ ከተማ ወጣ ብሎ በታጠረ ሜዳ ላይ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። አንዳንዶቹ ሰው ሲቆም ደረቱ ድረስ ናቸው፣ ትልልቆቹ እስከ 5 ሜትር ይደርሳሉ። በሶዶ አካባቢ ተመሳሳይ ትክል ድንጋይ ያለባቸው ወደ 160 የሚጠጉ ቦታዎች ተለይተዋል፤ ጢያ ከእነርሱ መካከል በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ነው። በቀረጻው ላይ ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው። አንዱ ድንጋይ ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ ብዙ ሰይፍ፣ ጫፋቸው ወደ ላይም ወደ ታችም ተቀርጾ ይታያል። ከሰይፉ ሥር ቅጠል የመሰለ፣ ክብ፣ የመስቀል ዓይነት ምልክቶች አሉ። አስጎብኚዎች የሰይፉ ቁጥር ሟቹ የገደለው ጠላት ቁጥር ነው ይላሉ፤ ቅጠሉ እንሰት ነው ይላሉ፤ አንዱን ምልክት የራስ ትራስ ነው ይላሉ። እንደ ግምት መጥፎ ግምት አይደለም። ምልክቶቹን በእርግጠኝነት ያነበበ ግን እስካሁን የለም።

አገሬው ደግሞ ለዘመናት “የግራኝ ድንጋይ” ይላቸው ነበር። ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች ከድንጋዮቹ ሥር ሲቆፍሩ መቃብር አገኙ። የተቀበሩት ወንዶችና ሴቶች በአብዛኛው ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ናቸው፤ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው፣ ሕፃን በማህፀን እንደሚተኛ ተደርገው ተቀብረዋል። ዘመኑ በ12ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ተገምቷል። ግራኝ አህመድ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። በወንጀል ሕግ ቋንቋ፣ ተከሳሹ ድርጊቱ በተፈጸመ ጊዜ በቦታው መኖሩ ይቅርና ገና አልተወለደም ነበር። እነዚህ ወጣቶች እነማን ነበሩ? በጦርነት አለቁ ወይስ በበሽታ? እንዲህ ያለ ክብር የተሰጣቸውስ ለምንድን ነው? ግራኝ ተከለው ብሎ የተናገረ ሰው ይህን ሁሉ ጥያቄ ሳይጠየቅ ዘጋው። ከአሳሳች ስም የሚመጣው እውነተኛ ጉዳት እንዲህ ያለው ነው።

የሕግ ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በሶዶ ሜዳ፣ በጌዴኦ ኮረብታ፣ በአዋሽ ዳር ገና ያልተቆፈረ ብዙ ነገር አለ። በመንገድ ሥራ ላይ ያለ የግሬደር ሾፌር፣ ካባ ድንጋይ የሚያወጣ የማኅበር አባል፣ ማሳውን የሚያርስ ገበሬ አንድ ቀን ይህን ድንጋይ ያገኘዋል። ምን ማድረግ አለበት? ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በአንቀጽ 41 እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ግኝት ይመለከታል። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ ማስታወቅ፣ ባለሥልጣኑም እስኪረከበው ድረስ ባለበት ጠብቆ ማቆየት አለበት። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ያገኘው ሰው ለክልሉ መንግሥት ባለሥልጣን በጽሑፍ አስታውቆ ከኃላፊነት ነፃ ሊሆን ይችላል። ቅርሱን ላስረከበ ሰው ሽልማትና ያወጣውን ወጪ የመተካት ነገርም በዚያው አንቀጽ አለ። አንቀጽ 42 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ቅርስ የበዛበትን አካባቢ የተከለለ ሥፍራ ብሎ በነጋሪት ጋዜጣ እንዲያሳውቅ ሥልጣን ይሰጣል፤ በዚያ ክልል ያለ ፈቃድ መንገድ መሥራትም መቆፈርም አይቻልም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 91 ታሪካዊ ቦታዎችን የመጠበቅ ግዴታን በመንግሥትና በዜጎች ሁሉ ላይ ጥሏል።

ትልልቅ ተቋራጮች ጭንቀት የለባቸውም። በመንገድ ሥራ ውሎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው የፊዲክ የውል ሁኔታ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. እትሙ፣ ተቋራጩ ቅሪተ አካል ወይም ጥንታዊ ነገር ቢያገኝ ለአማካሪው መሐንዲስ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል፤ በዚህ ምክንያት ለሚደርስበት መዘግየትም የጊዜ ማራዘሚያና ወጪውን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ዝም ቢል የሚጠቀመው ነገር የለም። የካባ ድንጋይ የሚያወጡት ወጣቶች ግን ፊዲክን አያውቁም። ስድስት ወር ሥራ አቁመው ቢጠብቁ ምን ይበላሉ? አዋጁ የጻፈው ስድስት ወር በወረቀት ላይ አጭር ነው፤ በቀን ሥራ ለሚኖር ሰው ግን ዘላለም ነው። እንግዲህ የድንጋዩ ዕጣ የሚወሰነው ያገኘው ሰው በሚያምነው ነገር ነው። የአያቶቹ መቃብር ነው ብሎ ካመነ ይሸፍነዋል፣ ሽማግሌ ይጠራል። “ግራኝ የተወው ድንጋይ” ነው ብሎ ካመነ መዶሻውን ያነሣል።

ለተጓዡም ቢሆን ሕጉ ይሠራል። ከባልጪት ማሳ አንዲት ስለት አንሥቶ ኪስ መክተት ቀላል ይመስላል። አታድርጉት። ስለቷ ከቦታዋ ከተነሣች ድንጋይ እንጂ ማስረጃ አይደለችም።

በዲላ መስመር የወጣ ደግሞ ከጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ጋር ይገናኛል። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ የታወቁት ናቸው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ድንጋዮቹ ከእንሰቱ፣ ከቡናውና ከዛፉ ጋር አንድ ላይ ነው የተመዘገቡት። ቡናውም እንሰቱም ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላሉ፤ በአገራችን ሕዝብ በጣም ከተጠጋጋበት አካባቢ አንዱ ሆኖ ሳለ ኮረብታው አልተራቆተም። ድንጋዩን ለማየት የሄደ ዛፉንም ይመልከት።

ከኮንሶ ከተማ ካራት ወጣ ብሎ ያለው ገሰርግዮ ለየት ይላል። ዝናብና ንፋስ የሸረሸሩት ቀይ አሸዋማ አፈር እንደ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ተደርድሮ ቆሟል። ሰዉ “ኒውዮርክ” ይለዋል። የቆየው ትረካ ግን ይበልጥ ደስ ይላል፤ የተሰረቁ ቅዱስ ከበሮዎች እዚያ ተቀብረው ስለነበር፣ ከበሮዎቹን ለማግኘት እግዚአብሔር ራሱ መሬቱን ቆፈረው ይባላል። ስርቆቱ ተረት ብቻ አይደለም። የኮንሶ ሰዎች ለጀግኖቻቸው የሚያቆሙት ዋካ የሚባለው የእንጨት ሐውልት ከመቃብር እየተነቀለ ሲሸጥ ኖሯል፤ ከሌባ የተረፈው በካራት ሙዚየም ይታያል።

ሻሸመኔ ላይ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሰነድ ያለው ነገር እናገኛለን። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል፣ በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ የባሕር ማዶ ጥቁር ሕዝቦች አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። ከጃማይካና ከሌላም አገር የመጡት ራስታዎች በዚያ ሰፈሩ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 መሬቱን አብዛኛውን ወሰደው። በዚሁ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆች ለረጅም ጊዜ ዜግነትም መታወቂያም ሳይኖራቸው ቆይተው፣ መታወቂያ እንደሚሰጣቸው መንግሥት ያሳወቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው በሻሸመኔ አልፎ የሚያስታውሰው ሦስቱን ቀለማት ብቻ ነው።

የመጨረሻው በምሥራቅ መስመር ነው። መተሐራ ከተማ ከመድረሱ በፊት አውራ ጎዳናው በውኃ መካከል ያልፋል። በሰቃ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 ይበልጣል። በዓለም ላይ ሐይቆች በሚደርቁበት ዘመን ይህኛው ያድጋል። አሮጌውን የባቡር ሐዲድ አስጨንቋል፣ አስፋልቱም ደጋግሞ ከፍ እንዲል አስገድዷል፤ የግጦሽ መሬት የዋጠባቸው ከረዩዎችም አሉ። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥም ለመስኖም አይሆንም። ወደ አዋሽ እየተቀነሰ እንዲለቀቅ ቦይ ተቆፍሮለታል፤ ታዲያ የሚለቀቀው በልክ ካልሆነ ከታች ያለው ገበሬ በጨው ይጎዳል።

እዚህ ደግሞ ተጠርጣሪው ሌላ ነው። አገሬው ጣቱን የሚጠቁመው ወደ ሸንኮራ እርሻውና ወደ መስኖው ነው፤ ከማሳው የሚሰርገው ውኃ ሐይቁን ሞላው ይላል። ብዙ አጥኚዎችም በዚህ ይስማማሉ። ሌሎች ደግሞ ከመሬት ውስጥ የሚፈልቀው ፍል ውኃና የስምጥ ሸለቆው እንቅስቃሴ ድርሻ አለው ይላሉ። ኃላፊነትን ለማረጋገጥ ምክንያትና ውጤትን ማያያዝ ያስፈልጋል፤ ከሁለት ምክንያት የተወለደ ጉዳት ደግሞ ካሣ ከፋይ ሳይገኝለት ይቀራል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን መካከል መሬት ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ፣ ከሥር ያለው ነገር እንዳልተኛ ሁሉም አይቷል።

ከሐይቁ አጠገብ ትናንት የቀዘቀዘ የሚመስል ጥቁር ድንጋይ ሜዳውን ሸፍኖታል። ፈንታሌ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ የተፋው ነው። ሣር እንኳ ገና በደንብ አልያዘውም። ሾፌሩን አሥር ደቂቃ እንዲያቆም ጠይቁት። ድንጋዩ ስለታም ነውና ጠንካራ ጫማ አድርጉ፤ ፀሐዩም ቀልድ አያውቅም።